አሥራ አንደኛዋ መስኮት

ሽቦ ይሉታል። ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለነበር አርባ ዓመት ሙሉ ያልወጣበት ጣሪያ፣ ያልቦረቦረው ግድግዳ የለም። ጡረታ ሲወጣ ባለቤቱ «እፎይ፣ አሁንስ አረፍ ይላል» ብላ ነበር። ማን ሊያርፍ! በሳምንቱ የምግብ ጠረጴዛዋን በካርቶን፣ በሙጫና እንደ ፀጉር በቀጠኑ ሽቦዎች ወርሮት ተገኘ።

የሚሠራው ከጫማ ካርቶን ብዙም የማይበልጥ ቤት ነው። እንደተጋቡ የተከራዩት፣ ከዓመታት በፊት የፈረሰው ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። አሥራ አንድ መስኮት ነበረው፤ በእያንዳንዱ ውስጥ የምስር ፍሬ የምታህል አምፖል ሊያበራ ቆርጦ ተነስቷል። መጀመሪያ ሲሞክረው ብርሃኑ በካርቶኑ አልፎ ግድግዳው ሁሉ ቦግ አለ። ውስጡን ጥቁር ቀለም ቀብቶ ተገላገለ።

ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ነገር ማንዛዛት አትወድም።

«ስማኝ፣ ቅዳሜ የልጃችን አማቾች ለምሳ ይመጣሉ። እስከ ዓርብ ካልጨረስክ ቤትህ ከነመብራቱ ዕቃ ቤት ይገባል።»

«ዕቃ ቤት? እርጥበቱ ካርቶኑን ይበላዋል እኮ!»

«እንግዲያው ፍጠን።»

ዓርብ ከሰዓት አሥሩ መስኮቶች በሩ። የአሥሩን አምፖሎች ከነሽቧቸው ነበር የገዛቸው። የፎቁ ጥግ ላይ ላለችው ለአሥራ አንደኛዋ ግን ብርሃኗ ወደ ቢጫ እንዲያደላ ስለፈለገ፣ ለብቻዋ መርጦ ሽቦዋን ራሱ በየደላት። እሷው አሻፈረኝ አለች። ባትሪ ቀየረ። መነጽሩን ወልውሎ አፍጥጦ አያት። ወፍ የለም! አርባ ዓመት ለሰው መብራት ሲያስገባ የኖረ ሰው በምስር ፍሬ ተሸነፈ፤ ደሙ ፈላ። ሌሎቹ አሥሩ ቢጠፉ ግድ አልነበረውም፤ ቤቱን የጀመረው ለዚያች መስኮት ሲል ነበር። ይህን ግን ለባለቤቱ ትንፍሽ አላለም፤ አፍሮ ነው።

ባለቤቱ የጠረጴዛ ልብሷን በክንዷ ይዛ መጣች። ፊቱን ስታየው አንጀቷን በላት። ለመጠባበቂያ ከገዛቸው ቢጫ አምፖሎች አንዱን መርፌ በለመዱ ጣቶቿ አነሳች።

«ይሄ ለምንድነው አንድ እግሩ ረጅም፣ አንዱ አጭር የሆነው?»

«ዝም ብሎ ነው። መስኮቷ ውስጥ የገባችውንማ እኔ እንድታምር ብዬ እግሮቿን እኩል ቆርጫቸዋለሁ።»

«ፋብሪካው መቀስ አጥቶ ነው ታዲያ? እኔ ጨርቅ ላይ ምልክት የማደርገው ፊትና ጀርባው እንዳይምታታብኝ ነው።»

ሽቦ ግንባሩን መታ። የለመደው የቤት አምፖል በየትኛውም በኩል ቢገጠም ይበራል፤ ይህች ባለ ባትሪ ግን ረጅሙ እግሯ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር ካልተያያዘ አትበራም። ረጅሙ የትኛው እንደነበረ የሚያሳየውን ምልክት ደግሞ ራሱ ቆርጦ አጥፍቶታል። ሽቦዎቹን አቀያይሮ በየዳቸው።

መስኮቷ በራች። ባለቤቱ ጎንበስ ብላ ስታይ፣ ከመጋረጃዋ ጀርባ ከክብሪት እንጨት የተሠራች የስፌት መኪና ተቀምጣለች።

«የእኔ ክፍል ናት እንዴ?»

«ከሥራ ስመለስ ከመታጠፊያው ጀምሬ አያት ነበር» አላት ወደ ባትሪው አቀርቅሮ። «በርታ ካየኋት፣ ‹ቤት አለች› እል ነበር። ድካሜ ጥፍት ይላል።»

ባለቤቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እስቲ ሌሎቹን አጥፋቸው።»

አጠፋቸው። ያቺ ቢጫ መስኮት ብቻ ቀረች። ባለቤቱ ዓይኗን በጠረጴዛ ልብሷ ጠረገች።

«መጋረጃዬ ግን አረንጓዴ ነበር» አለች። «ቆይ፣ ቁራጭ አላጣም።»

በማግስቱ አማቾቹ ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በሉ።