በበረዶ ቤቱ ደጃፍ የሚቀመጥ ጫማ

የዓሣ ቤቱ ኃላፊ ጠርቶ «አዲሶቹን ልጆች የምታሠለጥኛቸው አንቺ ነሽ» ሲለኝ፣ መጀመሪያ ያሰብሁት በዚያ ቀን ታመምሁ ብዬ እንዴት እንደምቀር ነው። ሰው በተሰበሰበበት ስሜን ስጠየቅ እንኳ ላብ ያጠምቀኛል። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም።

«አለቃ፣ እኔ ምን አውቄ?» አልሁት።

«ሥራውን ታውቂያለሽ። የጥንቃቄውን ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ፣ ማንም አላነበበውም። ከራስሽ ኑሮ የሆነ ነገር ፈልጊላቸው። ሰምተው የማይረሱት ነገር።»

ኃላፊው ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው። ችኩል ቢሆንም ክፉ ሰው አይደለም።

ሥራችን ጣና ዳር ነው። ጀልባዎች ቀረሶና አምባዛ የሚባል ዓሣ ያመጣሉ፤ እኛ ሴቶቹ አጥበን፣ ቆራርጠን፣ በሳጥን ደርድረን ማቀዝቀዣ ክፍል እናስገባለን። ክፍሉን በረዶ ቤት እንለዋለን። በሩ ወፍራም ነው፤ ከውጭ በመቀርቀሪያ ይዘጋል። ከውስጥ የሚከፈትበት እጀታ ከተሰበረ ቆይቷል። መለዋወጫው እየመጣ ነው ይባላል፤ ሁልጊዜ እየመጣ ነው። ስለዚህ የሚገባ ሰው በሩ እንዳይዘጋበት ባዶ ሳጥን ያስደግፍበታል። ችግሩ በሩ ገርበብ ብሎ ያየ ሁሉ ዓሣው እንዳይበላሽ ብሎ መዝጋቱ ነው። ሞተሩ ስለሚጮህ ውስጥ ያለ ሰው ቢጣራ አይሰማም። ኃላፊው ሥልጠና ስጪ ያለኝ በዋናነት ስለዚህ በር ነበር። ጾሙ ቀርቦ ዓሣ ፈላጊው ስለበዛ አዳዲስ ልጆች ተቀጥረዋል፤ በሩን ደግሞ አያውቁትም።

ሦስት ቀን ሙሉ ምን እንደምላቸው ሳስብ ሰነበትሁ። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ በሐይቁ ዳር አለፍሁ። ሰማዩ በጎርጎራ በኩል ጠቁሮ፣ ነፋስ ተነሥቶ ነበር። እናቴና የጎረቤት ሴቶች ውኃው ዳር ቆመዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ የማየው ነገር ነው፤ የዚያን ዕለት ግን እንደ እንግዳ አየሁት። ሴቶቹ የሚያዩት ሐይቁን አልነበረም። የሚያዩት መሬት ነው።

አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነው። እሱም ጓደኞቹም ወደ ደንገል ታንኳቸው የሚገቡት በባዶ እግራቸው ነው፤ ኮንጎ ጫማቸውን ዳር ላይ ትተው ይሄዳሉ። የተመለሰ ጫማውን አድርጎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጫማው ካለ ባለቤቱ ገና ውኃ ላይ ነው ማለት ነው። ነፋስ ሲነሣ ማንም ማንንም አይጠይቅም፤ ጫማውን ያያል። ልጅ ሳለሁ የአንድ ጎረቤታችን ኮንጎ እዚያው ዳር ሁለት ቀን ቆሞ አይቻለሁ። ዝናብ ሞላበት። ሚስቱ እንኳ አላነሣችውም።

«አባትሽ ቆየ» አለች እናቴ፣ ዓይኗን ከጫማው ሳትነቅል።

«ይመጣል፣ ኢንሻላህ» አልሁ።

አባቴ ከመግሪብ ሶላት በፊት መጣ። እኔ ግን የምፈልገውን አግኝቻለሁ። ደስ ያለኝ ደግሞ በሌላ ምክንያትም ነበር። ጫማ አይጮህም። ድምፅ ከፍ አድርጎ «ሰው አለ?» ብሎ መጣራት ለእኔ ከባድ ነው፤ ጫማ ከተቀመጠ ግን መጣራት አያስፈልግም።

በማግሥቱ ልጆቹን በረዶ ቤቱ ደጃፍ ሰብስቤ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ነገርኋቸው። ሥራ ላይ ሁላችንም ቦቲ እናደርጋለን፤ ከቤት ያደረግነው ጫማ ግድግዳው ሥር መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ወደ በረዶ ቤት የሚገባ ሰው ከጫማው አንዱን እግር አምጥቶ ደጃፉ ላይ ያስቀምጥ። ጫማ ካለ ሰው አለ፤ በሩ አይዘጋም። ጫማ ከሌለ ሰው የለም።

«ሰው ቢሰርቀኝስ?» አለች አንዷ።

«ያንቺን ጫማ?» አለች ጓደኛዋ። «እንኳን ሰው ውሻ አይነካውም!»

ሳቁ። ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት፣ እትዬ የምንላቸው ሴት፣ ቢላዋቸውን እየሳሉ «እሰይ፣ ዝም ብላ ዝም ብላ የምትናገር ልጅ!» አሉ። ኃላፊውም ወደደው። ሳምንት ሳይሞላ ሁሉም ለመደው። እኔም በበሩ ባለፍሁ ቁጥር ወደ ታች አይቼ ደስ ይለኝ ጀመር።

የሆነው በዐቢይ ጾም መግቢያ ነው። ረፋድ ላይ ጀልባ ደርሶ ግማሾቹ ለማራገፍ ወጥተዋል። በበረዶ ቤቱ በኩል ሳልፍ በሩ ገርበብ ብሏል። ወደ ታች አየሁ። ጫማ የለም። ወለሉ እርጥብ ነው፣ ደጃፉ ንጹሕ ነው። ማን ይሆን እንዲህ ከፍቶ የሄደ ብዬ ሳጥኑን በእግሬ ገፋሁት፤ በሩን ዘጋሁ፤ መቀርቀሪያውን ወረወርሁ። አልተጣራሁም። አንድ ቃል፣ «ሰው አለ?» ብል ይበቃ ነበር። አላልሁም። ምክንያቱም ጫማ አልነበረም።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቢላዋ ይዤ ሠራሁ። በኋላ ቆሻሻ ልደፋ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ፀሐይ ላይ፣ ግንቡ ጫፍ፣ የታጠበ የሴት ጫማ ተሰጥቷል፤ የአንድ እግር ብቻ። ከመራዊ በኩል የመጣችው አዲሷ ልጅ አጠገቡ ቆማ እጇን ታለቃልቃለች።

«ይህ የማን ነው?»

«የእትዬ» አለች። «የዓሣ ደም ያለበት ውኃ ሲነካው አየሁና የትልቅ ሰው ጫማ እንዲህ አይጣልም ብዬ አጠብሁት። ልመልሰው ስል ለማራገፍ ጠሩኝ...»

ልጅቱ ምንም አላጠፋችም። በአገሯ የትልቅ ሰው ጫማ አንሥቶ ማጠብ ምርቃት የሚያሰጥ ነገር ነው። እኔ ሐይቅ ዳር ያደግሁት ለምልክት የተተወን ጫማ ከባለቤቱ በቀር ማንም እንደማይነካው አውቃለሁ፤ ከማወቄም የተነሣ ይነገራል ብዬ አላሰብሁም። ጫማው ምን እንደሚል አስተማርሁ፤ እንደማይነካ ግን አላስተማርሁም።

ስሮጥ ባልዲው ከእጄ ወደቀ። መቀርቀሪያውን አንሥቼ በሩን ሳብሁት። እትዬ በሩ ሥር ሳጥን ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተዋል፤ ቅንድባቸው ላይ ነጭ ነገር ይዟል። ጾመኛ ናቸው፣ ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም። ሳያቸው የሞቱ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

«እናንተ ልጆች» አሉ፣ «እኔንም ለፋሲካ ልታቆዩኝ ነው?»

ደግፌ ወደ ፀሐይ አወጣኋቸው።

ከሐኪም ቤት ሲመለሱ የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች ጠቁረው ነበር። አልተቆረጡም፤ ግን አይሰማቸውም። ቢላዋ መያዝ ስለማይችሉ ሳጥን ማጠብ ላይ ተመደቡ። አንድ ቀን አጠገባቸው ስሠራ «መቀርቀሪያው ሲወረወር ሰማሁ» አሉኝ። «ተጣራሁ። ከጥጉ ሆኜ ሳጥኑን የገፋው እግር ብቻ ታየኝ። ማን እንደሆነ ግን እንጃ፤ ሳላውቅ ለማንም አልናገርም።»

ሳጥኑን ማጠቤን ቀጠልሁ። መቀርቀሪያውን ሳነሣ ያየኝ ስለሌለ ሁሉም በሩ በራሱ የተዘጋ መስሏቸዋል። ኃላፊውም በወረቀት የጻፈው እንዲሁ ነው። ልጅቱ ግን ጥፋቱን በራሷ አድርጋ ምሳ መብላት ትታለች።

ከሳምንታት በኋላ ሌሎች አዲስ ልጆች መጡ፤ ኃላፊው ሥልጠናውን እንደገና ለእኔ ሰጠኝ። በሩ አጠገብ ቆምሁ። ስለ ጫማው፣ ስለ ሐይቁ ዳር ሴቶች ልጀምር አፌን ከፈትሁ። እትዬ ከኋላ ሳጥን ያጥባሉ። የመራዊዋ ልጅ ግድግዳው ሥር አንገቷን ደፍታለች። ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

«እትዬ ውስጥ እያሉ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አልሁ። «ሳጥኑን ገፍቼ፣ መቀርቀሪያውን ወርውሬ። ጫማ ስላላየሁ አልተጣራሁም።»

ከኋላ የውኃው ድምፅ ቆመ። ዘወር ለማለት ፈራሁ።

«ያ እግር ያንቺ ነበር?» አሉ እትዬ።

«አዎ፣ እትዬ።»

ሳጥኑን መሬት ላይ ሲያስቀምጡ ሰማሁ። ኃላፊው ወደ እኔ አንድ እርምጃ መጣና ቆመ። የመራዊዋ ልጅ ቀና ብላ አየችኝ፤ ፊቷ ላይ ያየሁት ምሕረት አልነበረም።

«በይ ቀጥይ» አሉ በመጨረሻ እትዬ፣ ድምፃቸው ደርቆ። «የቀረውንም ንገሪያቸው።»

«ጫማ የሚነካ ባለቤቱ ብቻ ነው» አልሁ። «ጫማ ቢኖርም ባይኖርም ግቡና ተጣሩ፤ እስከ ጥጉ ድረስ ሂዱና እዩ። የውስጡ እጀታ ዛሬም አልተጠገነም።»

የመጨረሻውን ስናገር ኃላፊውን አላየሁትም። ልጆቹ ሁሉ በሩን አዩት። ሞተሩ ይጮሃል፤ ጀልባ ደርሶ የሞሉ ሳጥኖች ደጃፉ ላይ ተደርድረዋል።

«ታዲያ ዛሬ የሚገባው ማን ነው?» አለች ከፊት የቆመችው።