ቀለሙ የለቀቀው ጥለት

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ለሠርግ የምትለብሰውን ነጠላ ልትመርጥ ሰቆጣ ገበያ ይዛኝ ወጥታ፣ ሻጩ ጥለቱ በማሽን የታተመ ነጠላ ከላስቲክ ውስጥ መዞ ዘረጋላት፤ ላምባና ያረረ ስኳር የመሰለው ሽታው ገና ሲደርሰኝ አፍንጫዬን በመዳፌ ያዝኩ። ልጅቱ «የሸማኔውን ይመስላል እኮ፣ ማን ይለየዋል?» አለች። ይችን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት በጃንሆይ ጊዜ፣ የወተት ጥርሴ ሲወላልቅ ነው።

ያን ጊዜ እናቴ ክረምቱን ሙሉ ጥጥ ስትፈለቅቅ፣ ስታባዝት፣ ስትፈትል ከርማ ነበር። ሸማኔው የሐር ጥለት ጥሎበት ነጠላ ሊሠራላት፣ እሷም ያንን ለብሳ ትውልድ አገሯ ጋዝጊብላ የታመሙ እናቷን «ሰው መስዬ ልጠይቃቸው» እያለች ቀን ትቆጥራለች። አባቴ ደግሞ አዲስ ነገር ካየ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው፤ አንድ ቀን ያንን ሁሉ ፈትል ለአንድ ዘዋሪ ነጋዴ ሰጥቶ በፋብሪካ ነጠላ ለውጦት መጣ። ጥለቱ ቀይና አረንጓዴ፣ ከሩቅ ሲያዩት ሐር ይመስላል፤ ከመድረቁ የተነሣ ግን ብቻውን ሊቆም ምንም አልቀረው፣ ሽታውም ቤቱን ሞልቶ እንጀራው ሳይቀር እሱን እሱን አለን። አባቴ ራሱ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በራፉ ላይ እየተንጎራደደ «አንቺ፣ ማን ይለየዋል?» አላት። እናቴ ፈትሉ የነበረበትን ባዶ እንቅብ አንሥታ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

አያቴ በዚያው ሰሞን፣ እናቴ ሄዳ ሳትጠይቃቸው አረፉ። በእኛ አገር ሴት ለለቅሶ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ነው የምትለብሰው፤ ለሠርግ ከታች የሚያምረው ጥለት ለሐዘን ወደ አንገት ወጥቶ እንባ ይጠጣል። ይህን ፋብሪካው አያውቅም፤ አባቴ ግን ያውቅ ነበር። እናቴ ያንኑ የፋብሪካ ነጠላ ዘቅዝቃ ለቀስተኛው መሀል ገብታ «እናቴ፣ ሳልደርስልዎ ቀረሁ!» እያለች ስትንሰቀሰቅ ጥለቱ ራሰ፤ ቀዩና አረንጓዴው ተደባልቆ እንደ በሰበሰ ጎመን ውኃ አገጯንና አንገቷን እየቀባ ወረደ። አልቃሿ ግጥሟን አቋረጠች። ከእኛው አገር ዝቋላ የመጣችው አክስቴ «እቴ፣ ፊትሽ!» አለቻት። ከኋላ አንዲት ኮረዳ ሳቀች፤ ያችን ልጅ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም።

እናቴ በመዳፏ ብትጠርገው ባሰ። ከዚያ በኋላ አላለቀሰችም። እንባው እንዳይወርድ ቀና ብላ፣ ሰማይ ሰማይ እያየች፣ ባዳው ሁሉ ለእናቷ ሲያለቅስላት እሷ ቀለም ስትጠብቅ ዋለች። ቤት ስንገባ ያንን ነጠላ የአህያ ጭነት መደላድል አደረገችው፤ ለአህያዋ አዘንኩ። ያቋረጠችውን ለቅሶ ግን ዕድሜዋን ሙሉ አልጨረሰችውም፤ የእናቷ ስም በተነሣ ቁጥር፣ ምንም ነጠላ ባትለብስ እንኳ፣ አገጯን ወደ ላይ ቀና ታደርግ ነበር።

ሻጩ ፊቴ ሲጠቁር አይቶ «አይስጉ እማማ፣ ይሄ ቢያጥቡት ቢያጥቡት ቀለም አይለቅም» አለኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ጣቴን በምራቄ አራስኩና ጥለቱን አሸሁት፣ ደግሜም አሸሁት። እውነትም አይለቅም።

«አዩ፣ እማማ!» አለች የልጅ ልጄ ደስ ብሏት።

አየሁ። ለእናቴ ያልደረሰ የማይለቅ ቀለም ለኔ ምን ያደርግልኛል! አስጠላኝ፤ እንባዬም መጣ። ነጠላው ላይ እንዳይወርድ ቀና አልኩ።