የቶላ አራት ሠራተኞች

ትናንት አንዲት ልጅ ታብሌት ይዛ በሬን አንኳኳች። ለጥናት ነው አለች። «አባባ፣ ግቢው ውስጥ ተከራይ አለ?» ስትለኝ «የለም» አልኳት። ከኋላዬ የሦስት ተከራዮች ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ልብሱን አየች፣ እኔን አየች፣ ያልኳትን ሞልታ ሄደች። በሩን እንደዘጋሁ ሳቄ መጣ። ቶላ ትዝ አለኝ።

ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ኦሎምፒያ የአንድ አማካሪ ድርጅት ዘበኛ። ድርጅት ይባል እንጂ ሁለት ክፍል ነው። ባለቤቱ ጋሽ ሲሳይ የተማሩ ሰው ናቸው፤ ችግሩ፣ መማራቸውን ከእኛ በቀር የሚያውቅ የለም። ደንበኛ ጠፋ። በመጨረሻ የቦሌ ሚካኤልን ትንንሽ ወርክሾፖች አስጠንተው፣ ነጋዴውንና የባንክ ሰዎችን አዳራሽ ጠርተው ውጤቱን በነጻ ሊሰጡ አሰቡ። «ሥራችንን ካዩ ያውቁናል። ካልሆነ ቢሮውን እዘጋለሁ» አሉን።

ተማሪዎችን ክራቫት አሳስረው ላኩ። ሐምሌ ነው፤ ቦሌ ሚካኤል የእኔም ሰፈር ነው፣ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ልጆቹ በሳምንቱ ተመለሱ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ስታነብ በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። «ቶላ፤ በርና መስኮት ብየዳ፤ ሠራተኛ የለውም።»

«ውሸት ነው» አልኩ።

ጋሽ ሲሳይ ቀና አሉ። «ስምህን መጻፍ የማትችል ሰውዬ፣ ጥናት ልታርም ነው?»

«መጻፍስ አልችልም። ግን ቶላ አራት ሠራተኛ አለው፤ ምሳ አብሬያቸው እበላለሁ። ወረቀት የያዘ ሰው ሲያዩ ግብር ሰብሳቢ እየመሰላቸው በጓሮ ይወጣሉ። ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው።»

«ሰው ጠርቻለሁ እኮ!»

«እንግዲያው ሰው ሰብስበው ሊዋሹ ነው።»

ወረቀቱን ይዘው ክፍላቸው ገቡ። የሚያባርሩኝ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ግን ቦቲ ጫማ አድርገው መጡና «ምራኝ» አሉ።

ቶላ ከላይ እስከ ታች አያቸው። «ማን ናቸው?»

«አለቃዬ ናቸው። ግብር አይደሉም።»

«ማል።»

«ሚካኤልን!»

ወደ ጓሮ ዞሮ «ኑ ውጡ፣ ግብር አይደለም!» ብሎ ጮኸ። አራቱም ተራ በተራ ብቅ አሉ፤ አንዱ ጉርሻው ገና አፉ ውስጥ ነው። ጋሽ ሲሳይ ሳቁ። ጣሳ ላይ ቁጭ ብለው ሽሮውን አብረውን በሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ሥራው የጠየቁት። ቶላም ስንት በር እንደሚያወጣ፣ መብራት ሲጠፋ ስንት ቀን ሥራ እንደሚፈታ ሳይደብቅ ነገራቸው።

ጋሽ ሲሳይ የስብሰባውን ቀን አራዘሙ። ከተማሪዎቹ ጋር ቤት ለቤት ዞርን፤ መጀመሪያ ቁጭ እያልን፣ ወረቀቱን ኋላ እያወጣን። አዳራሹ ውስጥ ጋሽ ሲሳይ ሁለቱንም ውጤት አነበቡ። «የመጀመሪያው ስህተት ነው። ያረመን ዘበኛችን ነው» አሉ። እኔ በር ላይ ነበርኩ፤ የምገባበት ጠፋኝ። አንድ የባንክ ሰው ተነስቶ «ስህተቱን የሚናገር አማካሪ ገና ዛሬ አየሁ» አለ። በሳምንቱ የቢሮው ስልክ መጮኽ ጀመረ። ቢሮው አልተዘጋም፤ እኔም እዚያው ሆኜ በጸሐፊዋ እጅ ፊደል ቆጠርኩ። ይኸው፣ እየተንገዳገድኩም ቢሆን እጽፋለሁ።

ትናንት ታዲያ ከዘራዬን ይዤ ልጅቷን ተከተልኳት። ሦስተኛው በር ላይ ደረስኩባት።

«ልጄ፣ ሰርዢው። ሦስት ተከራይ አለኝ።»

«ልብሱን አይቼው ነበር እኮ አባባ!»

«ታዲያ ለምን የለም ብለሽ ጻፍሽ?»

«እርስዎ ያሉኝን ነዋ!»

ሰው ሁልጊዜ ክፉ ሆኖ አይዋሽም፤ የሚጠይቀው ማን እንደሆነ እስኪያውቅ ነው። ይህን በር ላይ ቆሜ አልነገርኳትም። መልሼ ወደ ግቢዬ ወሰድኳትና ከልብሱ ሥር ወንበር አወጣሁላት።