ድስታችን በእትዬ የሺ ግድግዳ

ኮምቦልቻ በተከራየኋት ክፍል፣ ከግድግዳው ማዶ አንዲት ሴት ትኖራለች፣ ማታ ዕቃ አጥባ ስትጨርስ ብረት ድስቷን ከምስማሩ ላይ ትሰቅለዋለች፣ እሱም ግድግዳውን አንዴ መትቶ ዝም ይላል። ይህን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እጄ ሳላዘው ኪሴ ውስጥ ገብቶ ቁልፌን ይዳብሳል። አብራኝ የምትማር ልጅ አይታኝ «አንቺ እኮ ጥርጣሬሽ አይጣል ነው» ብላኛለች። እውነቷን ነው፤ ግን ጥርጣሬን እኔ አልፈጠርኩትም፣ ከሚሴ ልጅ ሳለሁ ከአንድ ክረምት እስከ ሌላው ክረምት ሲያድግ ያየሁት ነገር ነው።

ቤታችን ከአስፋልቱ ወደ ቦርከና በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ከእትዬ የሺ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ተጋርቶ የቆመ ነበር። አባቴ ሰይድ ከገበሬ ማሾ እየገዛ ለጅምላ ነጋዴ የሚሸጥ ሰው ነበር፣ የእትዬ የሺ ባል ጋሽ ታደሰ ደግሞ የጭነት መኪና ሹፌር። እኛ ሙስሊም፣ እነሱ ክርስቲያን በመሆናችን ሥጋችን አይገናኝም ነበር፤ ማዕዳችን ግን እንዲገናኝ ሰፈሩ ጥንት መላ አበጅቶለት ነበር። እናቴ የገዛችው ባለ ሁለት ጆሮ ብረት ድስት በእትዬ የሺ ማድቤት ግድግዳ ላይ፣ የእትዬ የሺ ድስት ደግሞ በእኛ ማድቤት ተሰቅሎ ይኖር ነበር። ለገናና ለፋሲካ አባቴ ወደ እነሱ ተሻግሮ ቢስሚላህ ብሎ በግ ያርድና እትዬ የሺ በእኛ ድስት ትሠራልን ነበር፤ ለአረፋ ደግሞ ጋሽ ታደሰ መጥቶ በስመ አብ ብሎ ያርድና እናቴ በእነሱ ድስት ትሠራላቸው ነበር። የሰውን ድስት ለራስ ጉዳይ ማዋል ነውር ስለነበር ውሃ እንኳ አይሞቅበትም ነበር።

ቁልፍም እንደዚያው ነበር። እናቴ ሰንበቴ ገበያ ስትወርድ በሩን ቆልፋ ቁልፉን በአጥሩ ላይ ለእትዬ የሺ ታቀብላትና አደራ ለማለት «አማና» ትላታለች፣ እትዬ የሺም ክርስቲያን ሆና ሳለ «አማናሽ ከእኔ ጋር ነው» ብላ ትቀበላታለች፣ እናቴም ዞር ብላ ሳታይ መንገዷን ትቀጥል ነበር። ሁለቱም አማርኛውን ከኦሮምኛው እያፈራረቁ ስለሚያወሩ፣ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ስሰማቸው የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች የማውቀው በሳላቸው ነበር።

ሰባተኛ ክፍል ልገባ በነበረበት ክረምት ቦርከና ሞልቶ ወሬውም አብሮት ሞላ። ጦርነቱ መንገዱን ይዞ እየመጣ ነው ይባል ጀመር፤ ቦኖ ላይ ሰው ሲደርስ ጨዋታ ይቋረጣል፣ ባጃጅ ውስጥ የተሳፈረ ሁሉ ጎኑ ያለውን ሰው በዓይኑ ጫፍ ይመዝናል፣ አባቴም ስልክ ሲደወልለት ጓሮ ወጥቶ ማነጋገር ለመደ። እነ እከሌ የአንቺን ቤት አመላክተዋል፣ እነ እከሌ መሣሪያ ደብቀዋል የሚል ወሬ ወደ እኛ ይመጣ ነበር። ቆይቼ እንደገባኝ ለእኛ የሚነገረንና ለእትዬ የሺ የሚነገራት ወሬ ያው ነበር፣ የተቀያየረው ስሙ ብቻ ነው። አባቴ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ሲል እናቴ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ትለው ነበር፣ እኔ ግን ያን ሰሞን የአባቴን ተረት አብልጬ አመንኩ። እትዬ የሺ በአጥሩ ላይ አሻግራ ስታየን ምን እየቆጠረች ነው እል ነበር።

ማሾው ተለቅሞ በከረጢት ሆኖ እቤታችን በተከመረበት መኸር፣ አንድ ጠዋት የከባድ መሣሪያ ድምፅ ከተራራው ማዶ ተሰማና ሰፈሩ በሙሉ መንገድ ላይ ወጣ። ጋሽ ታደሰ መንገድ ተዘግቶበት አዲስ አበባ ቀርቷል፣ እትዬ የሺ ደግሞ ከአልጋ የማትነሣ አማቷን ጥላ መሄድ አልቻለችም። እናቴ ታናሽ ወንድሜን አዝላ፣ እኔን የልብስ ጥቅል አሸክማ በሩን ቆለፈችና ወደ አጥሩ ሄደች። አባቴ ሊከለክላት ክንዷን ያዘና መልሶ ለቀቃት። «አማና፣ የሺዬ» አለቻት። እትዬ የሺ ቁልፉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ «አብሽሪ፣ ሂጂ» አለቻት፤ እኔ ብቻ ነኝ ዞሬ ያየሁት፣ ቋጠሮውን በጥርሷ ስታጠብቀው።

ወደ ሰንበቴ፣ ከዚያም ወደ ቆላው በእግር ወረድን። መንገድ ላይ ለፍተሻ ገመድ የተወጠረበት ቦታ ስንደርስ አባቴ የቆሙትን ሰዎች ፊት አስቀድሞ ያጠና ነበር፣ ከዚያ በኋላ ነው በኦሮምኛ «አካም» ይበል፣ በአማርኛ «እንደምን አላችሁ» ይበል፣ ወይስ ሰላምታውን በአሰላሙ አለይኩም ብቻ ይዝጋ የሚለውን የሚወስነው። ሁለት ቋንቋ ማወቅ ሀብት ነው ተብዬ ያደግሁ ልጅ፣ አባቴ ሁለቱም አፉ ውስጥ እየተጋጩበት ላብ ሲያጠምቀው አይቼ ፈራሁ። ባረፍንበት ትምህርት ቤት ስማችን ተፈናቃይ ሆነ። የአካባቢው ሰዎች ውሃና ቂጣ ያመጡልን ነበር፣ አላህ ይስጣቸው፤ ነገር ግን ሲሰጡን ዓይናቸው ጥቅላችን ላይ ነበር፣ እኛም ቂጣውን ሌላ ሰው እስኪቀምሰው እንጠብቅ ነበር። እናቴ ግን ቂጣውን እየቆረሰች ስለ ቤቷ ታወራ ነበር፤ ቁልፉ የሺ ዘንድ ነው እያለች ራሷን ታጽናና ነበር።

ብርዱ በገባበት በጋ ተመለስን። ከሰፈሩ በሮች ግማሹ ተገንጥሏል፣ የእኛ በር ግን ጓጉንቸሩ ሳይነካ እንደተቆለፈ ቆሞ ስናገኘው እናቴ እዚያው ሱጁድ ወረደች። እትዬ የሺ ከስታ፣ ቋጠሮዋን ፈትታ ቁልፉን ሰጠቻትና እግሯ መሬት እንደያዘው ቀጥ ብላ ቆመች። በሩ ሲከፈት ቤቱ ባዶ ነበር። ማሾው የለም፣ ፍራሹ የለም፣ ቁም ሳጥኑ የለም፣ የእትዬ የሺ ድስት እንኳ ከምስማሩ የለም። አባቴ ጓጉንቸሩን አገላብጦ አየና ባዶ ቤት ማን ይቆልፋል ብሎ ጠየቀ፣ ማንንም ሳያይ።

«በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለች እትዬ የሺ። «ሰው ነበረበት።»

የማን ሰው እንደሆነ ስትጠየቅ መልስ አልሰጠችም። በዚያ ሰሞን ማን ማንን አስጠለለ የሚለው ነገር ቤት የሚያስፈርስ ስለነበር ዝምታዋ ዛሬ ይገባኛል፤ ያኔ ግን ዝም ያለ ሁሉ ሌባ ይመስለን ነበር። እትዬ የሺ ወደ ቤቷ ስትመለስ እናቴ ተከትላት ማድቤቷ ገባች፣ እኔም ከኋላዋ። ድስታችን ግድግዳው ላይ ነበር፣ ግን ጥላሸት ለብሶ፣ ታጥቦም ያልለቀቀ። ተሠርቶበታል። እናቴ ከጠፋው ማሾ ሁሉ ይልቅ እሱ አቃጠላት፤ የማን ሥጋ ነው የተቀቀለበት ብላ ሳትጠይቅ ከምስማሩ አውርዳ፣ በሁለት እጇ ታቅፋው ወጣች። እትዬ የሺ ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ አየቻት እንጂ አልከለከለቻትም። በሰፈራችን ድስት ከሰው ግድግዳ ማውረድ ማለት ጉርብትናው አበቃ ማለት ነበር።

ገና መጣ፣ አባቴም አልተሻገረም። ፋሲካም እንዲሁ አለፈ። ከግድግዳው ማዶ የአሮጊቷ ሳል ይሰማን ነበር፣ የእኛም ሳል እነሱን ሳይሰማቸው አይቀርም። አንዳንድ ጎረቤቶች እናቴን ለማጽናናት ብለው «የጎረቤት ሌባ ቢያዩት ይስቅ ባያዩት ይሰርቅ» ይሏት ነበር፤ እሷ ግን ስትሰማው ፊቷ ይጨልም ነበር እንጂ አትስቅም ነበር። አሮጊቷ የሞተች ጊዜ እናቴ ለቅሶ ሄዳ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ ተመለሰች።

የሚቀጥለው ክረምት ሲገባ አንዲት የማናውቃት ሴት ዝናብ እየመታት የሰይድ የማሾ ነጋዴውን ቤት ብላ ጠይቃ መጣች። ከወደ ባቲ በኩል ነኝ አለች፣ ቀሚሷና ሻሽዋ እንደ እናቴ ነው። ከላስቲክ ውስጥ አውጥታ እናቴ ጭን ላይ ያስቀመጠችው የእኛን ግራጫ ብርድ ልብስ ነበር፣ ታጥቦ ታጥፎ። እነሱም ከቀያቸው ሸሽተው ልጆቻቸውን ይዘው ከሚሴ ሲደርሱ እትዬ የሺ የእኛን በር ከፍታ እንዳስገባቻቸው፣ ንፍሮ እየቀቀለች እንዳበላቻቸው ነገረችን።

«ክርስቲያን ቤት የተሠራ ነው ብለን ስናመነታ ድስቱን አምጥታ አሳየችን» አለች። «ይህ የዘምዘም ድስት ነው፣ የእኛ ነገር ነክቶት አያውቅም፣ ሳትጠራጠሩ ብሉ አለችን።»

እናቴ ስሟን ከማታውቃት ሴት አፍ ስትሰማ እጇ ብርድ ልብሱ ላይ ቆመ። ሴትዮዋ ቀጠለች። መሣሪያ የያዙ ሰዎች መጥተው የጠላት ሰው ደብቀሻል፣ ወንዶቹን አውጪ ብለው ነበር። እትዬ የሺ በሩ ላይ ቆማ፣ እነዚህ እንግዶቼ ናቸው፣ ከፈለጋችሁ የቤቱን ዕቃ ውሰዱ፣ ማሾው ያውላችሁ፣ ሰዎቹን ተዉልኝ አለቻቸው። እነሱም ጫኑ። ከሄዱ በኋላ እንግዶቿን በጓሮ ሸኝታ፣ ብርድ ልብሱን ለልጆቹ ሰጥታ፣ ባዶውን ቤት መልሳ ቆለፈችው።

ማሾው ይመለስ ይመስል አባቴ ወደተከመረበት ጥግ አየ። እናቴ ድስቱን አመድ እየነካች ጥላሸቱ እስኪለቅ ፈተገችው፣ ቁልፏንም ይዛ፣ ነጠላዋን ተከናንባ በዝናቡ ወጣች፣ እኔም ተከተልኳት። እትዬ የሺ ወጥታ በሯ ደፍ ላይ አገኘቻት።

«አፉ በይኝ» አለች እናቴ፣ ድስቱንና ቁልፉን አንድ ላይ ዘርግታ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? አማናሽን በእጄ አንሥቼ ሰጠሁት ልበልሽ?» እትዬ የሺ ድስቱን ብቻ ተቀበለቻት። «ይህን እሰቅለዋለሁ። ቁልፉን ግን አልይዝም፣ ዘምዘም። ነገም ቢመጡ እሰጣቸዋለሁና።»

እናቴ ቁልፉን በሻሽዋ ጫፍ ቋጠረችው። ከውስጥ ድስቱ ግድግዳውን ሲመታ ሰማን።

ዛሬ ከሚሴ ስሄድ ድስታችን እዚያው ነው፣ የእትዬ የሺም በአዲስ ተተክቶ በእኛ ግድግዳ ላይ አለ፤ አባቴም ለገና ይሻገራል፣ ጋሽ ታደሰም ለአረፋ ይመጣል፣ ሥጋውም እንደ ድሮው ይጣፍጣል። እናቴ ሰንበቴ ስትወርድ ግን ቁልፏ ደረቷ ውስጥ ነው። በአጥሩ ላይ «የሺዬ፣ ሄጃለሁ» ትላታለች፣ እትዬ የሺም «በሰላም ግቢ» ብላ ትመርቃታለች፣ ከዚያ እናቴ ወደ በሩ ተመልሳ ጓጉንቸሩን አንዴ ትነቀንቀዋለች፣ እትዬ የሺም ከማዶ ሆና ስትነቀንቀው ትሰማለች።