አቡጀዲ ላይ የተኛች ጸሐይ

የአሥረኛ ክፍል ፈተና ጣለኝ። መምህራኑ ምላሴን እንጂ ጭንቅላቴን አያውቁትም ነበር፤ እኔም እነሱን ማወቅ ተውኩ። አራዳ፣ አባቴ ጨርቅ ቤት ገባሁ። ሥራዬ ከጀርባ ባለችው ጨለማ መጋዘን ጥቅል ማውጣትና ማስገባት ሆነ።

መጋዘኗ በምሥራቅ በኩል አንድ መስኮት አላት። በሱ የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ አሾልኬ በሽቦ አሰርኩ። ከውጭ ጫፉ የመነጽር መስታወት፣ ከውስጥ ጫፉ ከተሰበረ የሩቅ ማያ መነጽር የነቀልኳትን ትንሽ መስታወት ለጠፍኩ። በሱ ማየት የለም፣ ዓይን ያጠፋል። ፊት ለፊቱ አቡጀዲ ትወጥራለህ፤ ጸሐይ ራሷ መጥታ እላዩ ትተኛለች።

የሻይ ሰሃን ታክላለች። ጠርዟ ሊፈላ እንደደረሰ ወተት ይርገበገባል። የጨርቁ ብናኝ በብርሃኑ ውስጥ ሲንሳፈፍ፣ መጋዘኗ ከነጥቅሉ ከመሬት የተነሳች ይመስለኝ ነበር። ሁለት ደቂቃ ሳትቆይ ግን ሸርተት ብላ ከጨርቁ ትወጣለች። በሞባይሌ ፎቶ ሳነሳት ነጭ እድፍ ብቻ ስለሆነችብኝ በእርሳስ መሳል ጀመርኩ።

ግንቦት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጠርዟ ላይ ጥቁር ነጥብ አየሁ። ከደጋው፣ ከኮሶዬ ለገበያ የወረዱ አንድ የአባቴ ደንበኛ ከሱ ጋር ጨርቅ ሊመርጡ ገብተው ነበር፤ ጎንበስ ብለው አዩና፣

«ምነው፣ ምን አሳመማት?» አሉ።

«የመስታወቱ ቆሻሻ ነው» አለ አባቴ።

ትንሿን መስታወት አዞርኩ። እላይዋ ያለው ትቢያ ጥላ አብሮ ዞረ፤ ነጥቧ ንቅንቅ አላለችም። «የጸሐይ ነው አያ» አልኩ። «እሷም እንደ ምድር ትዞራለች። ነጥቧ ወደዚያኛው ጠርዝ ሄዳ ትጠፋለች፣ የዛሬ አራት ሳምንት እዚሁ ትመለሳለች።»

«ትምህርት ቤት ያልተመለሰው ልጅ ነው እንግዲህ ይህን የሚለኝ» አለ አባቴ። «ካልተመለሰች ያን ቧንቧ ታወርድና መስኮቱን በመደርደሪያ ትዘጋልኛለህ።»

«እኔም መጥቼ አያለሁ ሐጂ» አሉ ደንበኛው።

በየቀኑ ሳልኳት። እንደ ጉንዳን ቀስ እያለች አቋርጣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከወዲያኛው ጠርዝ ወደቀች። ከዚያ ባዶ ጸሐይ ብቻ። ሰፈሩ ሰምቶ ኖሮ «ነጥብህ ደብዳቤ ጻፈችልህ ወይ?» ይሉኛል። መልስ አላጣሁላቸውም፤ ስድብ እንደ ልብ ነው። ጠዋት ጠዋት ግን ከሁሉ ቀድሜ አቡጀዲውን እወጥራለሁ። በሕይወቴ አንድ ነገር እንዲህ ይሆናል ብዬ ስናገር ይህ መጀመሪያዬ ነበር። መመለሻዋ ሲደርስ ሁለት ቀን ደመና ሆነ።

ቅዳሜ ጠራ። ሦስታችንም ገባን። ጠርዟ ላይ፣ በዚያው ከፍታ፣ ጥቁር ነገር አለ፤ ግን ያነሰ፣ ለሁለት የተከፈለ።

«ያችው ናት?» አሉ ደንበኛው።

አዎ ማለት ይቻል ነበር። ማን ያውቅብኛል?

«አላውቅም አያ» አልኩ። «ቦታው ያው ነው። ሌላ ልትሆንም ትችላለች።»

አባቴ ጨርቁ ላይ ጎንብሶ ቆየ። ፊቱ በጸሐይዋ ብርሃን ግማሹ ቢጫ ሆኗል።

«ነገም ሳላት» አለ።

«መደርደሪያውስ?»

«ይቆይ። ውጣ፣ በር ላይ ሰው ቆሟል።»

ወጣሁ። ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ስለካ ሁለት ጥቁር ፍሬዎች በሜትሩ ላይ ይንሳፈፉብኝ ነበር።