ለሁለት ገመድ የተጠየቀው መሐላ

ባለፈው ሳምንት መምህራችን የማይሠራ ኢንቨርተር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ «ምን ሆኖ ይመስላችኋል?» ብለው ጠየቁን። ከኋላዬ የተቀመጠ ልጅ ፈጥኖ፣ «ያልተማረ ሰው ነካክቶት ነዋ» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ መምህር ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ያን ዕለት ግን «ማን አየው?» ብዬ ጮህኩ።

ያስጮኸኝ ነገር የሆነው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት በምጠብቅበት ክረምት ነበር። አባቴ ሰይድ ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ባለችው መንደራችን የጤና ኬላው ጥበቃ ነበር። የኬላው ሶላር ባትሪ ይሞላል፤ ኢንቨርተሩ ደግሞ የባትሪውን ኃይል ለክትባት ማቀዝቀዣው እንዲስማማ አድርጎ ይለውጠዋል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ማቀዝቀዣው በተነሣ ቁጥር ኢንቨርተሩ እየጮኸ ይጠፋ ጀመር።

ከከተማ ባለሙያ ተላከ። እኔም ለአባቴ ትኩስ የበቆሎ እሸት ይዤለት ሄጄ እዚያው ነበርኩ።

«ኢንጂነር፣» አለው አባቴ፣ «ይቺ ገመድ ባትሪው ላይ ከታሰረችበት ትግላለች። ብሎኗ የላላች ይመስለኛል።»

«አባት፣ እርስዎ በርዎን ይጠብቁ» አለ ሰውዬው፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየው።

ገመዶቹን ፈታ። በስልክ እያወራ መልሶ ሲያስር ቀዩን ገመድ በጥቁሩ ቦታ አስነካው። ብልጭ አለ። ከዚያ ወዲያ ኢንቨርተሩ መጮህም ተወ፤ ጭራሽ ዝም አለ። ሰውዬው ቶሎ ብሎ ገመዶቹን አቀያየረ። አይቻለሁ። እንግዳ ነው፣ የተማረ ነው ብዬ እኔም ዝም አልኩ።

«ውስጡ ተቃጥሏል፤ ሰው ነካክቶታል» ብሎ ጽፎ ሄደ። ክትባቱ በበረዶ ሣጥን ወደ ሐይቅ ከተማ ተወሰደ። ልጅ ያዘሉ እናቶች ያን ሁሉ ጭቃ ረግጠው መጥተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ቁልፉ ያለው አባቴ ዘንድ ብቻ ስለሆነ ጣት ሁሉ ወደ እሱ ተቀሰረ።

አርብ ከጁምዓ በኋላ አውጫጭኝ ተጠራ። መንደርተኛው ዋርካው ሥር ተሰብስቦ ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን ያወጣል።

«ሰይዶ፣» አሉ ሽማግሌው ሼህ ሙሄ፣ «አልነካሁም ብለህ ቁርዓን ይዘህ ማልና ነገሩ ይለቅ።»

አባቴ ተነሣ። «እኔ ለሁለት ገመድ ቁርዓን ይዤ አልምልም። ታውቁኛላችሁ፤ መታወቄ ካልበቃ ይቅር።»

«ንጹሕ ቢሆን ምን ያስፈራው ነበር?» አለ አንዱ። መሐላን በመፍራቱ ጥፋተኛ ሆነ! ከሴቶቹ መሐል ተነሥቼ ጮህኩ።

«ባለሙያው ራሱ ነው ያቃጠለው! አይቻለሁ!»

«ልጁ አይደለሽ? ያንቺ ምስክርነት አይያዝም» አለኝ ያው ሰውዬ።

«እንግዲያው ማሽኑ ይከፈትና እዩት!»

ኬላው ውስጥ ያለውን የኢንቨርተሩን መመሪያ ደጋግሜ አንብቤው ነበር። ሁላችንም ተያይዘን ወደ ኬላው ሄድን፤ ሶላሩንና ባትሪውን አላቅቄ ክዳኑን ከፈትኩ። ከውስጥ ያሉት ሦስት ፊውዞች ተቃጥለዋል። «ይህ የሚሆነው ገመዱ ሲገለበጥ ነው» አልኳቸው። «ፊውዙ አስቀድሞ ተቃጥሎ ቢሆን ማሽኑ ባልጮኸ ነበር። ባለሙያው እስኪመጣ ድረስ ግን ሲጮህ ሁላችሁም ሰምታችኋል።»

ባለ ባጃጁ ኑሩ ጎንበስ ብሎ አየ። «ያ አላህ! ይቺማ የመኪና ፊውዝ ናት። ለዚች ነው ሰው ቁርዓን ያዝ የተባለው?»

ሐይቅ ከተማ ሄዶ ልኩ ተመሳሳይ የሆነ ፊውዝ አመጣ። እስከዚያው አባቴ ባትሪው ጫፍ ላይ የጋገረውን ነጭ ዱቄት ጠርጎ የላላችውን ብሎን አጠበቀ። ማቀዝቀዣው ተነሣ፤ ኢንቨርተሩ አልጮኸም፤ ገመዷም አልጋለችም።

«ማሻአላህ፣ ጎበዝ!» ብለው አጨበጨቡልኝ። ለአባቴ ግን አንድም ሰው ምንም አላለም። ሼህ ሙሄ፣ «በቃ፣ አውፍ ተባባሉ» ብለው ሊዘጉት ሆነ። አጥፍተናል ያለ ሳይኖር ምን ዓይነት ይቅርታ ነው?

አባቴ ቁልፉን እፊታቸው አስቀመጠ። «ነክቷል ብሎ የጻፈው ሰው እዚህ ቆሞ ‹ሰይድ አልነካም› ይበል። ያኔ እመለሳለሁ።»

ሰውዬው አልመጣም። የጠራውም የለም።

ላለፈው ዒድ ቤት ስገባ አዲሱ ጥበቃ፣ «ጋሽ ሰይድ፣ ያ ነገር ደግሞ ይጮኽ ጀመር» እያለ መጣ። አባቴ ሳያንገራግር ተነሣ፤ አብሬው ሄድኩ። አባቴ ከኬላው ደፍ ውጭ ቆሞ «የግራዋን አጥብቃት፤ እሷን አይደለም፣ የግራዋን!» እያለ አሠራው። እግሩን ግን አላስገባም።

ዋርካው ሥር መናገሬን ዛሬም የሚያደንቁልኝ አሉ። ብልጭታውን ባየሁ ጊዜ አፌን ከፍቼ ቢሆን ግን ዋርካው ሥር ማንም ባልተጠራ ነበር።