በሁዳዴ ወተት የጠጡት አባ ታረቀ

አባ ታረቀ ሞቱ። ትናንት ማለዳ፣ እዚሁ ቆቦ መጠለያ ውስጥ፣ ሲያስታምሟቸው ከከረሙት ሕሙማን መካከል አረፉ። ይህን የምጽፍላችሁ እኔ የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ የንስሐ ልጃቸው ነኝ። ተስቦ እንደያዛቸው ለይቼ የነገርኳቸው ራሴ ነበርኩ፤ እንዲያም ሆኖ ሞታቸውን ማመን አቅቶኛል። ዛሬ ጠዋት በመጠለያው በር ስገባ እንኳ ዓይኔ እሳቸውን ፈለገ።

የምታውቋቸው ሁሉ እንደምትመሰክሩት፣ አባ ታረቀ በጾም ቀልድ አያውቁም ነበር። አንድ ሁዳዴ ገና በረፋዱ ቆሎ ስቆረጥም ደርሰውብኝ «ቆሎው እግር የለው፤ ምን አጣደፈህ?» ብለው ሰው ፊት አሳቁብኝ። እኔም ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን የምስመው ለጥምቀትና ለፋሲካ ብቻ ነበር።

ዝናቡ ቀርቶ ሰው ከራያ ቆላ ወደ መኪናው መንገድ ሲፈስ፣ የቤተ ክርስቲያናችን አጥር ሥር በረሃብተኛ ተሞላ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰንበቴ ማኅበርተኞች እንደ ልማዳችን ዳቦውን ልንቆርስ ተቀምጠናል። አባ ታረቀ ግን ቆመው ቀሩ። «ዲያቆኑ በሰላም ወደ ቤታችሁ ግቡ ብሎናል። እኛስ እንገባለን። ከአጥሩ ውጭ ያሉት የት ይግቡ?» አሉና ዳቦውን ከነመሶቡ ተሸክመው ወጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰንበቴያችን የሚውለው መጠለያው ውስጥ ነው።

እኔንም ከጤና ጣቢያው ሥራ ስወጣ ውሃ ያስቀዱኝ፣ ሬሳ ያሳጥቡኝ ጀመር። ጸሎት የተማርኩት እዚያ ነው ብል አላጋነንኩም። የመጀመሪያዋን ሕፃን አጥቤ ስገንዝ መግነዣውን መቋጠር አቃተኝ። አጠገቤ ተቀምጠው «አቡነ ዘበሰማያት በል። ካልወጣልህ እኔ እልልሃለሁ» አሉኝ። አልወጣልኝም፤ እሳቸው አሉልኝ። ሌላ ቀን ግን እኔው አልኩ።

በዚህ ሁዳዴ የዱቄት ወተት በመኪና መጣልን። በደስታ በጥብጠን፣ አፍልተን አደልን። ሙስሊሞቹ ቢስሚላህ ብለው ጠጡ። ክርስቲያኖቹ ግን ጣሳውን መለሱልን። መቆም ያቃተው ሰው ሁሉ ሳይቀር፣ ጾም ነው ብሎ መለሰልን። አባ ታረቀ በሽተኛና አራስ በጾም እንደማይገደዱ እየዞሩ ቢያስረዱም የሚሰማቸው ጠፋ። በመጨረሻ ከሮቢት ገጠር የመጣች ወርቄ የምትባል እናት፣ ጡቷ ደርቆ ሕፃኗን እንደታቀፈች መለሰችላቸው።

«አባቴ፣ በሬውም ሞተ፣ ባሌም ሞተ። የቀረኝ ጾሜ ነው። እሱንም አውጥቼ ልጣለው?»

አባ ታረቀ ጣሳውን ከፊቷ አነሡ፣ አማተቡ፣ ሁላችንም እያየን ገሚሱን ጠጡት። ጤነኛ ነበሩ፤ ቄስ ነበሩ፤ ጾሙም ገና አልተጋመሰም። ክው አልን። አንዲት አሮጊት ላለማየት ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ከዚያ ጣሳውን ለወርቄ መልሰው ሰጧት። «የአንቺን ጾም እኔ ተሸክሜዋለሁ። የሚጠየቅ ካለ የምጠየቀው እኔ ነኝ። አንቺ ልጅሽን አጥቢ» አሏት። እያለቀሰች ጠጣች። ሌሎቹም ተከተሏት።

በማግሥቱ ማንም ሳይከስሳቸው ራሳቸው ሄደው ለደብሩ አለቃ ተናገሩ። እስከ ፋሲካ መቅደስ ገብተው እንዳይቀድሱ ንስሐ ተሰጣቸው። እኔ በንዴት ጦፍኩ። እሳቸው ግን «ጾሙን ማፍረሴ እውነት ነው፤ ቅጣቱም ተገቢ ነው» ብለው አፌን አስያዙኝ። ከዚያ በኋላ ከምእመናን ጋር ውጭ ቆመው እያስቀደሱ ወደ መጠለያው ይመጡ ነበር። ተስቦውን ቅማል እንደሚያስተላልፈው ነግሬ፣ ጋቢያቸውን ለሕሙማን እንዳያለብሱ ለምኛቸው ነበር። የሚበርደው ሰው ሲያዩ ልመናዬን ይረሱታል።

ይኸው ፋሲካ ሳይደርስ፣ መቅደሱንም ዳግመኛ ሳይረግጡ ሄዱ። እኔን ያንገበገበኝ ይህ ነው። ፍትሐቱን የመሩት አለቃው ራሳቸው ነበሩ፤ መጨረስ አቅቷቸው ሲያለቅሱ ሌላ ቄስ ተቀበላቸው። ሙስሊሞቹ ከአጥሩ ውጭ ቆመው «አላህ ይዘንላቸው» ሲሉ ይሰማ ነበር።

አባ፣ ይቅር ይበሉን፤ ለቅሶዎን በወጉ አልተቀመጥንም። አፈሩ እንደተመለሰ ወደ መጠለያው ሮጥን፤ የቀትሩ ወተት አልፈላም ነበርና። ዛሬ ደግሞ ከዋጃ በኩል እርስዎን የማያውቁ ሰዎች ገቡ። ወተቱን ሳቀርብላቸው ጣሳውን መለሱብኝ። እኔ ቄስ አይደለሁም፤ ጾማችሁን ልሸከምላችሁ ልላቸው አልችልም። ወርቄ ሕፃኗን እንዳዘለች ከኋላዬ መጣችና «አባ ታረቀ ጠጥተውልናል» አለቻቸው። ማን እንደሆኑ፣ ምን እንዳደረጉ ቁጭ ብላ ነገረቻቸው። ሁሉም ጠጡ። ደኅና ይሁኑ፣ አባቴ።